ቅልጥሙ ይብሰል፤ ከሰሉ ግን ከቤት ይውጣ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ ቆሻሻ ማንሻ ቀንና ስለ መዋጮ ብዙ ተጽፏል። ስለ ድስት የተጻፈ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እንግዲህ ዛሬ ስለ ድስት ልጽፍ ነው። «ይኸ የጓዳ ወሬ ነው» ብሎ ሊያልፍ የፈለገ አንባቢ ካለ፣ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነውና ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ኅዳር ወር፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ በእኛው መሥመር የሚኖሩ አንዲት እናት ለአራስ ልጃቸው ከቄራ ቅልጥም ገዝተው መጡ። ቅልጥም መቼም በችኮላ አይሆንም። ስለዚህ ማታ 3 ሰዓት ላይ በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጠሉ፤ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋላቸው ምድጃውን ወደ ኮሪደር አስገብተው ድስቱን ጣዱ። አራሷን ብርድ እንዳይመታትም በሩንና መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘጉ። «እስኪነጋ ቀስ ብሎ ይበስላል» ብለው ተኙ። ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ሕፃኑ አለቀሰ። አራሷ ልትነሣ ብትል እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ራሷን ያዞራታል፣ ያስመልሳታል። እንደ ምንም እየተሳበች ሄዳ በሩን ከፈተችና ጮኸች። ዘበኛውና ጎረቤት ደርሰው ሦስቱንም ወደ ውጭ አወጧቸውና ሐኪም ቤት አደረሷቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ሦስቱም ደኅና ናቸው። እኚህ እናት ስማቸው ሳይጠቀስ ለሌላው መማሪያ እንዲሆን ፈቃዳቸው መሆኑን ስለነገሩኝ ነው የጻፍሁት። ሕፃኑ ባያለቅስ ኖሮ በዚህ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ሌላ ዓይነት ማስታወቂያ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ እኚህን እናት «ምን ነካቸው?» እያለ የሚያማ ሰው ሰምቻለሁ። እኔ አላማቸውም። ስለ ማብሰሉ የነበራቸው ሐሳብ እኮ ትክክል ነው! ቅልጥም፣ ወርች፣ ፍሪምባ፣ ሸኮና የመሳሰለው ሥጋ ጅማት ይበዛበታል። በኃይለኛ እሳት ብታንተከትኩት ይኮማተርና ጎማ ይሆናል። በዝግታ፣ ብዙ ሰዓት፣ ሳይንተከተክ ሲቆይ ግን ያ ጅማት ቀልጦ መረቁን ያወፍረዋል፤ ሥጋውም ከአጥንቱ ተላቆ ይወርዳል። ይህን እናቶቻችን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። «ምንቸት አብሽ» የሚለው የወጥ ስም እንኳ የሸክላውን ስም ይዞ የቀረ ነው። እኛ ደግሞ ለቄራ ቅርብ ነን፤ እንዲህ ያለው ሥጋ ከሽንጥና ከዳቢት በረከስ ዋጋ ይገኛል። ታዲያ በዚህ ኑሮ ውድነት ቀስ ብሎ ማብሰልን የማያውቅ ቤት ሁለት ጊዜ ይከስራል።

ጥፋቱ ያለው ከሰሉ ላይ ነው። ብዙ ሰው «ጭሱ ከወጣ፣ ፍሙ ከቀላ ጉዳት የለውም» ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ነው ሰው የሚገድለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚወጣውም ከቀላው ፍም ነው። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ይልቅ 200 ጊዜና ከዚያ በላይ አጥብቆ ስለሆነ፣ ሰውየው ሳይታወቀው ይደክማል፣ ይተኛል፣ አይነቃም። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ ያድናል የሚሉም አሉ። አያድንም። ላቀች የሚባለው ምድጃ ከሰል በመቆጠብ ውለታ የዋለልን ነው፤ ነገር ግን ከሰል መቆጠብና ጋዝ አለመልቀቅ ለየቅል ናቸው።

በድሮው ቤታችን ይኸ ሁሉ ጣጣ እምብዛም አልነበረም። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ነበር የሚሠራው፤ ግድግዳውም በየቦታው ክፍተት ስላለው ነፋስ ይገባው ነበር። ድስቱ ሌሊቱን ሙሉ ቢጣድ ጉዳቱ ለድመቷ ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ፎቅ ላይ ነን። በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ሲፈርስ ከግቢ ቤት ተነሥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ወገኖች አሉን። ቤቱ ሲለወጥ ልማዱ አብሮ አልተለወጠም፤ ምድጃው ከጓሮ ተነሥቶ ኮሪደር ገባ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እንግዲህ በከሰሉ ፈንታ ምን ይደረግ? እኔ የማውቀው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው አይጠይቅም።

ገንዘብ የሚጠይቀው «ስሎው ኩከር» የሚባለው የኤሌክትሪክ ድስት ነው። ብዙ ሰው ከፕሬሸር ጋር ያምታታዋል። ፕሬሸሩ በእንፋሎት ጉልበት ቶሎ ሲያበስል፣ ይኸኛው ተቃራኒው ነው፤ ከባድ የሸክላ ማሰሮ በኤሌክትሪክ ሽቦ ዙሪያውን እየሞቀ ስምንት፣ ዐሥር ሰዓት ቀስ እያለ ይሠራል። አመጣጡም ደስ ይላል። የፈለሰፈው አርቪንግ ናክሰን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ማመልከቻውን እ.ኤ.አ. በ1936 አስገብቶ በ1940 የባለቤትነት ፈቃድ አግኝቷል። ሐሳቡን ያገኘው ከቤተሰቡ ወሬ ነው ይባላል። በሊቱዌኒያ በምትገኘው በቪልና ከተማ የሚኖሩ አይሁድ በሰንበት እሳት ስለማያነዱ፣ ዐርብ ጀምበር ሳትጠልቅ «ቾለንት» የሚሉትን የባቄላና የሥጋ ወጥ በድስት አድርገው ወደ ዳቦ ጋጋሪው ይወስዱ ነበር። እሳቱ ከጠፋ በኋላ በምድጃው ውስጥ በቀረው ሙቀት ሌሊቱን ሲበስል ያድራል። ናክሰን ያንን ምድጃ በኤሌክትሪክ ሠራው ማለት ነው። ሪቫል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 የናክሰንን ድርጅት ገዝቶ በማግሥቱ ዓመት «ክሮክ ፖት» ብሎ ለገበያ ካወጣው ወዲህ በየአሜሪካኑ ቤት ገባ። ያ «እሳቱ ከጠፋ በኋላ በቀረው ሙቀት» ያልሁትን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከአሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ይኸን ዕቃ በሻንጣ ሊላክላችሁ ይችላል። ለእኔም የእህቴ ልጅ ልካልኝ ነበር። የሶኬት መለወጫ ገዛሁና ሰካሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፤ ድስቱም በዚያው አረፈ። ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም፣ የራሴ ነው። የአሜሪካን ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። የመሰኪያውን እግር የሚለውጠው ትንሹ ነገር ቮልቱን አይለውጥም፤ ድስቱ ከሚችለው ከሦስት እጥፍ በላይ ሙቀት ይጎትታል። ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት ዕቃውን ገልብጡና ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ዋቱን የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ እዚሁ ወይም ከዱባይ 220 የሚለውን ይግዛ።

ስለ ኤሌክትሪክ ፍጆታው የሚሰጉ አሉ። ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነውና ስጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ሒሳቡን እንሥራው። ይኸ ድስት በአብዛኛው ከ150 እስከ 300 ዋት ነው። 200 ዋቱ ስምንት ሰዓት ቢሠራ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የእንጀራው ምጣድ 3,500 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሆነ ይህንኑ ያህል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበላል። እንግዲህ ቆጣሪውን የሚያስሮጠው የትኛው እንደሆነ ታያላችሁ።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ከዕቃው ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ለእኛ ወጥ አልተጻፈም። እኔ ሁለተኛውን ድስት ከገዛሁ በኋላ ብዙ አበላሽቼ የተማርሁትን ልንገራችሁ። ዋናው ነገር ውሃ ነው። ክዳኑ እንፋሎት ስለማያስወጣ ውሃው አይቀንስም፤ በለመድነው መጠን ከጨመርን ወጡ ሾርባ ይሆናል። ከለመዳችሁት ሲሶውን ቀንሱ። ሁለተኛ፣ ሽንኩርት እዚያ ውስጥ አይቁላላም፤ ይቀቀላል እንጂ። ቁሌቱን በርበሬው ሽታው እስኪወጣ ድረስ በምድጃ ሠርቶ ወደ ድስቱ መገልበጥ ግድ ነው። ይህን ለማቋረጥ የሞከረ ሰው ውጤቱ ቀይ ቀለም ያለው የሽንኩርት ቅቅል ነው፤ አይሞክረው። የሐበሻ ዶሮ ጠንካራ ስለሆነ ይህ ድስት እንደ ተፈጠረለት ነው። የፈረንጅ ዶሮ ግን በሦስት፣ አራት ሰዓት ይፈራርሳልና ለበዓል ብልት አውጥቶ ለሚያቀርብ ሰው አልመክርም። ቅቤው፣ መከለሻውና የተቀቀለው እንቁላል መጨረሻ ላይ ይገባሉ። ለጾም ምስር፣ አተር ክክና ጎመን ያማረ ይወጣሉ። ሽሮ ግን አይሆንም። ሽሮ እያማሰሉ አጠገቡ መቆም ይፈልጋል፤ ሽሮ የሸክላው ነው፣ ለሸክላው እንተውለት።

ድስቱ ቢያንስ ግማሽ ድረስ ይሞላ፣ አፉ ድረስም አይሙላ። ከፍሪጅ የወጣ በረዶ ሥጋ ሳይቀልጥ አይግባ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት በከፍተኛው፣ ቀሪውን በዝቅተኛው አድርጉት። ክዳኑን «እስቲ ልየው» እያሉ መክፈት በከፈቱ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ያህል ማራዘም ነው። ደግሞም መጽሐፉ ስምንት ሰዓት ካለ እናንተ ዘጠኝ፣ ዐሥር በሉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላልን በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላው አልበስል ሲል ነጋዴውን የምንራገመው አንዳንዴ ያለ ጥፋቱ ነው።

አሁን መብራት የጠፋ እንደሆነስ? እቤት ካላችሁና ገና ከጠፋ፣ ወጡን ወዲያው ወደ ጋዝ ምድጃ ወይም ወደ ውጭ ወደ ከሰል ማዞር ነው። ወጡ በስሎ ያለቀ ከሆነ ክዳኑ ሳይከፈት እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ሥራ ውላችሁ ስትመለሱ ግን የማይክሮዌቩ ሰዓት ዜሮ ላይ ብልጭ ድርግም ሲል ካገኛችሁትና መብራቱ መቼ ጠፍቶ መቼ እንደ መጣ ካላወቃችሁ፣ ወጡ ቢያምርም ድፉት። አውቃለሁ፣ ያማል። በዛሬ ዋጋ ሥጋ መድፋት ያስለቅሳል። ነገር ግን ለብ ብሎ ብዙ ሰዓት የቆየ ሥጋ ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ አንዳንዱ ዳግም ቢፈላም አይጠፋም። ለዚህም ነው የእኛ ሰፈር ሰው ይህን ድስት ጥሎ እንዳይሄድ የምለው። ቅዳሜና እሑድ፣ ወይም ሰው እቤት ባለበት ቀን ይጣድ። ሌሊትም ይሁን ቀን የሚያስፈራው ኤሌክትሪኩ ራሱ አይደለም፤ ማከፋፈያው ነው። ምጣድና ይኸ ድስት በአንድ ማከፋፈያ አይሰኩ።

ወደ ሁለተኛው፣ ገንዘብ ወደማይጠይቀው መንገድ ልመለስ። እኔ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ይኸኛውን እወዳለሁ፤ ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። የቪልናው ሰዎች ድስት የበሰለው በእሳት ሳይሆን በቀረው ሙቀት ነው ብያለሁ። ድስቱን አንድ ጊዜ በደንብ አፍልቶ፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በአውሮፓ ጭድ የተሞላ ሣጥን እየሠሩ እንዲህ ያበስሉ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንግሊዞች ነዳጅ ለመቆጠብ ተጠቅመውበታል። በደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2008 መብራት በፈረቃ ይጠፋ በነበረበት ጊዜ ሣራ ኮሊንስ የተባለች ሴት «ዎንደርባግ» ብላ ድስት የሚታቀፍ ወፍራም የጨርቅ ከረጢት ሠርታ ንግድ አድርጋዋለች። እኛም ብንሆን በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ግድብ ውሃ አንሶ መብራት በፈረቃ በሆነ ጊዜ ብልሃቱ ቢኖረን ኖሮ በጠቀመን ነበር። ጋቢ ያለው ሕዝብ ይኸን ከውጭ አገር መግዛት አለበት ብዬ አላምንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ ትልቅ ድስት ይመረጥና ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ይሞላል፤ ጥቂት ወጥ ሙቀት አይዝም። ምስር ከሆነ 10 ደቂቃ፣ ክክ ከሆነ 20፣ ጅማታም ሥጋ ከሆነ በትንሽ በትንሹ ተቆርጦ 40 ደቂቃ ያህል ተከድኖ ይንተክተክ። በዚህ መካከል ካርቶን ወይም ትልቅ ቅርጫት ታች አራት ጣት ያህል ጭድ ወይም እራፊ ጨርቅ ይነጠፍበታል። ድስቱ ከእሳት እንደ ወጣ፣ ክዳኑ ሳይከፈት፣ በፎጣ ተጠቅልሎ መካከል ላይ ይቀመጣል፤ ዙሪያው በጭድ ይጠቀጠቃል፤ ከላይ አሮጌ ጋቢ በአራት አጥፎ መጫን ነው። ሸክላ ድስት ከሆነ ሙቀት አያያዙ ይበልጣል፤ ግን ትኩሱን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እንዳታሳርፉት፣ ይሰነጠቃል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች በዋሉበት ሥራ እንዲህ መቀለድ ነውር ነው።

ምስሩ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ክኩ በሁለት፣ ሥጋው በአራት ሰዓት ይደርሳል። ከአራት ሰዓት አታሳልፉት፤ እኛ ዘንድ ሙቀቱ ከ92 ዲግሪ ስለሚጀምር ቶሎ ወደ ለብታ ይወርዳል። ሲከፈት እጅ የሚያቃጥል እንፋሎት ሊወጣው ይገባል። ከዚያ አንድ ጊዜ አፍልቶ መከለሻ ጨምሮ ማቅረብ ነው። ሥጋው ገና ጠንካራ ከሆነ እንደገና ለ15 ደቂቃ አፍልቶ ወደ ሣጥኑ መመለስ ይቻላል። ማታ አስቀምጦ እስኪነጋ መተው ግን አይሆንም። ስለዚህ ቅልጥም የሚያበስል ሰው ጠዋት ጀምሮ ለምሳ ያድርስ፤ በመኝታ ሰዓት አይጀምር።

ስለ ቀይ ቦሎቄ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በኤሌክትሪኩም ሆነ በሣጥኑ፣ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ እንዳታስገቡ። ተፈጥሮው ሌክቲን የሚባል መርዝ አለበት፤ የሚጠፋው በኃይለኛ ፍላት ብቻ ነው። ለብ ባለ ሙቀት የቆየ ቦሎቄ እንዲያውም ከጥሬው ሊብስ ይችላል፤ ጥቂት ፍሬ ሰውን ሲያስመልስ ያውለዋል። ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ በኃይል አንተክትኩት፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁበት ይግባ። ምስርና ክክ ይኸ ጣጣ የለባቸውም።

«በከሰል ያልተሠራ ወጥ ወጥ አይደለም» የሚሉ አሉ። ክርክሩን አውቀዋለሁ፣ በየቤቱ ሰምቼዋለሁ። እውነት ለመናገር በከሰል የተሠራ ዶሮ ወጥ እኔም ይጣፍጠኛል፤ ለበዓል አልተውም። ነገር ግን ጣዕሙ ያለው ቁሌቱ ላይ እንጂ ምድጃው ኮሪደር በመግባቱ ላይ አይደለም። ከሰል የሚወድ ሰው በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ይሥራ። ምድጃው ቤት የሚገባው አመድ ሆኖ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ማኅበራችንንም ልወቅስ ነው። በረንዳ የሌለውስ የት ያብስል? በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለእንዲህ ያለው ሥራ ተብለው የተሠሩ የጋራ ቤቶች አሉ፤ ነፋስ የሚያገኙና ለእሳት የተዘጋጁ ናቸው። የእኛው ግቢ የጋራ ማብሰያ ግን የድንኳንና የወንበር መጋዘን ከሆነ ቆይቷል። ቁልፉም በአንድ ሰው ኪስ ነው። ማን እንደዘጋው አልጠይቅም፤ ወንበሩም የሁላችን ነው፣ ዝናብ ይምታው አልልም። ነገር ግን የወንበር ማስቀመጫ ሌላ ቦታ ይፈለግለትና ቤቱ ለማብሰያ ይከፈት። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ ሐሳብ አቀርባለሁና የምትደግፉ ተገኙ፤ የምትቃወሙም ተገኙና ምክንያታችሁን እንስማ።

ሣጥኑን ማየት የሚፈልግ ነዋሪ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ያገኘኛል። ከአሜሪካ ድስት የተላከለት ካለም ዕቃውን ይዞ ቢመጣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አብረን እናነባለን። ክዳኑ የሚገጥም ድስትና አንድ አሮጌ ጋቢ ይዛችሁ ኑ። ምስሩን እኔ አመጣለሁ።